«ማን አባረረሽ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጠዋት ሩጫ አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን የ44 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር እንቅስቃሴ እንዳዘወትር ስለ መከረኝ፣ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱታ ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ፣ ግማሹን በእርምጃ ግማሹን በሶምሶማ እሄዳለሁ። ለሰውነቴ ተስማምቶታል፤ ያልተስማማው ለሰፈሩ ነው። «ምን ሆነሽ ነው? ማን አባረረሽ?» የማይለኝ የለም። የባለቤቴ እናት «የሰው መሳቂያ አደረግሽን» ብለው ተቀይመውኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት እናት ስሮጥ አይተው የልጅ ልጃቸውን አፈፍ አድርገው ወደ ግቢ ሲገቡ ሳይ ከልቤ አፈርኩ። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አይተዉት። ከጻፉልን ቅሬታዎች ክብደት ያለው የመጨረሻው ነውና ከእሱ ልጀምር። ደሴ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰባት ጊዜ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ያለችውን በፌስታል ቋጥሮ፣ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያም ወዲያ በእግሩ የወጣባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ በማለዳ አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ፣ የተመልካቹ ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ሯጩ ላይ ሳይሆን ከሯጩ ኋላ ወዳለው መንገድ ነው። እኚያ እናት በእርስዎ አልሳቁም፤ ከኋላዎ ምን እንደሚመጣ ነው ያዩት።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ሩጫ የጀመርኩት ካምሳ ዓመቴ በኋላ ነበር፤ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ ባለ ሱቅ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቡ ድረስ ከፍ አድርጎ ሳለ ወደ እሱ አቅጣጫ ስሮጥ አየኝ። ምንም ሳይናገር መዝጊያውን መልሶ ወደ ታች ለቀቀውና ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። እኔም ቆምኩ። «ሰላም ነው፣ ጋሼ፤ ለጤናዬ ነው የምሮጠው» አልኩት፤ እያለከለክሁ ስለነበር ሁለት ጊዜ መድገም አስፈለገኝ። ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ «ታዲያ አስቀድመህ አትናገርም?» ብሎ መዝጊያውን እንደገና ከፈተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሩቅ እጁን ያነሣልኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ሰላምታ ነው። ሯጮች የፍጥነታቸውን ልክ የሚያውቁባት አንዲት ቀላል መለኪያ አለች፤ እየሮጡ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ለልብ የሚስማማ ነው፣ ቃሉ ከተቆራረጠ ግን ከዐቅም በላይ ነው። እኛ ወሎዎች ለዚህ ከማንም የተሻለ መሣሪያ አለን። «እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ አብሽሩ» የሚለውን ሰላምታ ሳያቋርጡ ማድረስ ከቻሉ በልክዎ እየሮጡ ነው፤ «እንዴት አ…» ላይ ትንፋሽዎ ካለቀ ወደ እርምጃ ይመለሱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ከማለቱ የተነሣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በዚያ ላይ ዳገቱ አለ። ማለክለክዎ የድካም ወይም የዕድሜ ምልክት ብቻ እንዳይመስልዎት። ሰላምታው ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል፦ የሚናገር ሰው የሚሸሽ ሰው አይመስልም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሳቂያ መሆን ነው። እዚህ ላይ ጎረቤቶችዎን ብዙ አልወቅስም፤ ስለ ሩጫ የተነገራቸው በሙሉ ስለ ሜዳሊያ ነውና። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስትወስድ፣ ሩጫ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የገባልን ከመጨረሻው ዙርና ከሰንደቅ ዓላማው ጋር ነው። ለጉልበቱ፣ ለስኳሩ ወይም ለእንቅልፉ ብሎ ቀስ እያለ የሚሮጥ ጎልማሳ ዜና ሆኖ አያውቅም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ ብዙ ተራ ሰው አደባባይ ስለሚያወጣ ይህን ሥዕል በጥቂቱ ቀይሮታል፤ ነገር ግን ያ በዓመት አንድ እሑድ ነው፣ ሙዚቃና ካናቴራም አለው። ማክሰኞ ጠዋት በቧንቧ ውሃ ብቻዋን የምትሮጥ የ44 ዓመት ሴት ግን ሰፈሩ የሚያውቀው ምድብ ስለሌላት «አትሌት ልትሆኚ ነው?» ወይም «ማን አባረረሽ?» ይባልላታል። ሰው ለማያውቀው ነገር በእጁ ያለውን ስም ነው የሚሰጠው።

ለባለቤትዎ እናት ግን ስለ ሩጫ ባይከራከሩ ይሻላል። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ፣ ባለቤትዎም ባሉበት፣ መድኃኒቱን አውጥተው ያሳዩዋቸውና ሐኪሙ ያለውን ይንገሯቸው። ምራት በገዛ ፈቃዷ ስትሮጥ ነውር የሚመስላቸው እናት፣ ሐኪም ያዘዘው ሲሆን ራሳቸው ከእንቅልፍ ሊቀሰቅሱዎት ይችላሉ። (እኔም በዚችው ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከነገር አምልጫለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለእኔ ያዘዘ ሐኪም አልነበረም።) የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የእርስዎ አራት ቀን በ40 ደቂቃ ቢባዛ 160 ይሆናልና ከዚህ በላይ መጨነቅ አይጠበቅብዎትም። መድኃኒቱን ግን «ሩጫው ተክቶታል» ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነዋሪ ነኝ። እኔ ረመዳንን፣ አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ ደግሞ ሁዳዴን እንጾማለን። በጾም መሮጥ ይቻላል?

መልስ፦ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይቻላል፤ መቀነስ ግን አለበት። ለእርስዎ የሚመቸው ሰዓት ማፍጠሪያው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ በዝግታ ሮጠው ሲጨርሱ ውሃው ይጠብቅዎታልና። አለዚያም ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይሩጡ፤ ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር ባለው ጊዜም ውሃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለው ይጠጡ። ጓደኛዎም እንደዚሁ ከመግደፊያው ሰዓት ጥቂት ቀደም ብለው ይሩጡ፤ ሽሮውና ምስሩ ለሯጭ የሚያንስ ምግብ አይደለም። ራስ ካዞረ ወዲያውኑ ማቆም ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ በጾም አይሩጥ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ዘወትር ማለዳ አምስት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ በሁለቱም ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ በቴሌግራም የሚለቀቁ የድምፅ ዜናዎችንና የፌስቡክ የቀጥታ ሥርጭቶችን እሰማለሁ። ስመለስ እግሬ ቀሎት ልቤ ግን ከብዶ ነው፤ ከደንበኛ ጋር እነታረካለሁ፣ ባለቤቴን ያለ ጥፋቷ እቆጣለሁ። ዜና መስማት ጨርሼ ልተው? ጓደኞቼ «የአገሩን ጉዳይ የማይከታተል ሰው ከሰው አይቆጠርም» ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨርሰው እንዲተዉ አልመክርም፤ ጓደኞችዎ የተሳሳቱት አገርን መከታተልና ቀኑን ሙሉ ወሬ መስማት አንድ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። ከዜናው በፊት ግን ስለ ጆሮዎ ልናገር። ከከተማዎ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ የጂቡቲ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ሌሊትና ማለዳ ይበዛሉ፤ ባጃጁም ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ሁለቱን ጆሮ ደፍኖ በዚያ ዳር መሮጥ፣ የሚሰሙት ዜና ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ አይገባም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የሱቅ ሰው ነዎትና ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሳይወርዱ አይቀሩም። እዚያ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ አይተው ከሆነ፣ ችኩል ቢሆኑ እንኳ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም፤ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ቁጢጥ ብለው፣ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ በመንገድ ላይ ማን አለፈ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያም ተራው ይደርሰዋል። ዳጉ ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው፣ ከሰው የሰማውንም ከማን እንደሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል፤ ሐሰት ይዞ የመጣ ሰው ስሙ ይጠፋል። ሰሚውም በተራው ለሚያገኘው ሰው ያንኑ ስለሚያደርስ በግማሽ ጆሮ መስማት አይችልም።

እርስዎ እየሮጡ የሚሰሙትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ አየሁ አይልም፣ ሰማሁም አይልም፤ «አሉ» ይላል። ይህች «አሉ» የምትባል ቃል አሉባልታ በሚለው ቃል መግቢያ ላይ መቀመጧ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በዚያ ላይ መልሰው መጠየቅ አይችሉም፤ ያልጠየቁት ቁጣ ታፍኖ ሱቅዎ ድረስ ይመጣና መጀመሪያ የሚያገኘው ሚስማር ሊገዛ የመጣውን ደንበኛ ይሆናል። አባቶቻችን ሬዲዮ የሚከፍቱት በዜና ሰዓት ነበር፤ ልጅ ዝም እንዲል ይታዘዝና ዜናው ሲያልቅ ባትሪ እንዳይጨርስ ይዘጋል። የድንጋይ ባትሪ ውድ መሆኑ ለካስ ለጤናም ይጠቅም ነበር። እርስዎም ለዜና ሁለት ሰዓት ይምረጡለት፤ አንዱን ከምሳ በኋላ፣ አንዱን ወደ ማታ፣ ሲያዳምጡም ተቀምጠው ይሁን። «ማን አየ? ማን ለማን ነገረ?» ብለው ጠይቀው መልስ ያላገኙለትን ወሬ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ። ስልኩንም ጠዋት ሱቅ ውስጥ ትተውት ቢሮጡ ይመረጣል፤ ለሁለት ሳምንት ይሞክሩትና ባለቤትዎን ይጠይቋቸው፤ ለውጡን ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስልኬ 10 ኪሎ ሜትር በ34 ደቂቃ እንደሮጥኩ አሳየኝና ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ጓደኞቼ ግን «ባጃጅ ተሳፍረህ ነው» እያሉ ይሳለቁብኛል። ስልኩ ይዋሻል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስልኩ አይዋሽም፤ ይሳሳታል። ርቀቱን የሚለካው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ጦሳና አዝዋ ገደል ባጠሯት ከተማ፣ ምልክቱ ከገደልና ከግንብ እየነጠረ ሲደርስ ቦታህን ወዲያና ወዲህ ያንቀጠቅጠዋል፤ ያ መንቀጥቀጥ ሁሉ እንደ ሩጫ ይደመርልሃል። ስለዚህ ጓደኞችህ ስለ ባጃጁ ቢሳሳቱም በመጠራጠራቸው አልተሳሳቱም።

ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 15 ዓመት ሲቆይ ማንም «ባጃጅ ተሳፍሮ ነው» አላለውም፤ መሙ የተለካ ነበር፣ ዙሩን የሚቆጥሩ ዳኞችም ነበሩ። አንተም የተለካ የ400 ሜትር መም ያለበት ሜዳ ፈልግ፤ በውስጠኛው መስመር 25 ዙር 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለተማሪ፣ በዚህ ከፍታ ላይ፣ 38 ደቂቃም ቢሆን የሚያኮራ ነውና ደቂቃው ስልኩ ካሳየህ ቢበልጥ አትደንግጥ። ለጥቂት ቀናት ምንም አትለጥፍ። ከዚያ ከሚስቁብህ ጓደኞችህ ዋናውን ሳቂ ጠርተህ ሰዓቱን አስይዘው፤ ዙሩንም እሱ ይቁጠር።