ኤሌክትሮን «እርግጠኛ» ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሃይዘንበርግን መርሕ «እርግጠኛ ያለመሆን መርሕ» ብዬ ሳስረዳ ተማሪዎቼ «እርግጠኛ ያልሆነው ማን ነው? ሳይንቲስቱ?» ይሉኛል። ስያሜው ልክ ነው? «ኳንተም ሜካኒክስ»ንስ (አቶምና ኤሌክትሮን የመሳሰሉ ደቃቅ ነገሮችን የሚያጠናውን የፊዚክስ ዘርፍ) ልተርጉመው ወይስ እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ጥሩ ጆሮ አላቸው። በአማርኛ «እርግጥ» የነገሩ፣ «እርግጠኛ» የሰውየው ነው። «መምጣቷ እርግጥ ነው» እንላለን፤ «እንደምትመጣ እርግጠኛ ነኝ» እንላለን። «እርግጠኛ መረጃ» የሚሉ አሉ፤ እዚያም ቢሆን ሰው የሚተማመንበት መረጃ ማለታቸው ነው። ስለዚህ «እርግጠኛ ያለመሆን» የሰማ ሁሉ የሚጠራጠር ሰው መፈለጉ አይቀርም።

መርሑ ግን የሚጠራጠር ሰው የለበትም። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ቨርነር ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ሐሳብ ስለ ሁለት መጠኖች ነው፦ ስለ ቦታና ስለ ሞመንተም፣ ማለትም መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ስለሚገኘው። የአንዱ ስርጭት፣ ማለትም እሴቱ የሚዋዥቅበት ስፋት፣ ሲጠብ የሌላው ይሰፋል፤ የሁለቱ ብዜት ከፕላንክ ቋሚ (በኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ከሆነው እጅግ ትንሽ ቁጥር) ሲሶ እንኳ የማይሞላ፣ ግን ዜሮ ያልሆነ ወለል አለው (የፕላንክ ቋሚ ለ4 ፓይ ሲካፈል)። አንድን ኤሌክትሮን አቶም በሚያህል ስፍራ፣ 0.1 ናኖ ሜትር ውስጥ ቢወስኑት የፍጥነቱ ስርጭት በሰከንድ ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የተሻለ መሣሪያ ቢገዛም ይህ አይጠብም።

ለክፍልዎ ሂሊየምን ይንገሯቸው። በተለመደው የአየር ግፊት እስከ ፍጹም ዜሮ፣ ማለትም እስከ -273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ አፋፍ ቢያቀዘቅዙት እንኳ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ጠጣር እንዲሆን ከከባቢ አየር 25 እጥፍ ገደማ የሚሆን ግፊት ይፈልጋል። አቶሞቹ ቀላል ናቸው፤ የሚሳሳቡበትም ኃይል ደካማ ነው። በየቦታቸው ተወስነው ሊቀመጡ ሲሉ መርሑ የሚያስገድዳቸው እንቅስቃሴ ከመሳሳቡ ይበልጥና ሥርዓቱን ያፈርሰዋል። ማንም ባይለካው፣ ማንም ባይጠራጠር ሂሊየሙ አይረጋም።

ነገሩን ወደ ለኪው የመሳቡ ልማድ ከአማርኛ አልጀመረም። ሃይዘንበርግ ራሱ በጋማ ጨረር የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አስቦ፣ ጨረሩ ኤሌክትሮኑን ሲያገኘው ከቦታው ይገፋዋል እያለ ያስረዳ ነበር፤ ዴንማርካዊው ፊዚሲስት ኒልስ ቦርም ትንታኔውን አርሞታል። ጀርመኖች ዛሬ ብዙ ጊዜ «ኡንሼርፈ» ይላሉ፤ ጥርት ብሎ አለመውጣት ማለት ነው፣ ፎኩሱ እንደሳተ ፎቶ። ስሙ የነገሩ እንጂ የሰው አይደለም፤ የእኛም እንዲህ ቢሆን ነው የምወደው።

«ያለመወሰን መርሕ» የሚል አማራጭ ይቀርባል። ሲነገር ያስኬዳል፤ «ወ» ጠብቃ ከተነበበች ከ«ተወሰነ» ይወጣል። ፊደላችን ግን መጥበቅን አያሳይም። ላልቶ ሲነበብ ከ«ወሰነ» ይመጣና ውሳኔ ያቃተው ሹም ያስመስለዋል። «ብዥታ»ም እንዲሁ፣ በዜና ላይ «በሕዝቡ ዘንድ ብዥታ ተፈጥሯል» ሲባል ስለኖረ ወደ ሰው አእምሮ ሸሽቷል። የእኔ ምርጫ «የኢርግጥነት መርሕ» ነው። «ኛ» ከወጣች ጥርጣሬው ከሳይንቲስቱ ትከሻ ይወርዳል። ቃሉ ጥሬ ነው፣ አልክድም፤ «ኢመደበኛ» እና «ኢፍትሐዊ»ም ሲመጡ ጥሬ ነበሩ። በመማሪያ መጽሐፍዎ ያለው የተለየ ከሆነ ግን ተማሪዎች በፈተና እንዳይቸገሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉላቸው።

«ኳንተም» እንዳለ ይቆይ። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ማክስ ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1900 ኃይል በቁርጥራጭ እንደሚወጣ ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ ዓለም የሚጋራው ቃል ነው፤ «ቅንጣት» ብንለው ከራሱ ከኤሌክትሮኑ ጋር ይምታታል። «ሜካኒክስ» ላይ ግን «ስ»ን እንዳይጥሉ። «ኳንተም ሜካኒክ» ያሉ እንደሆነ ተማሪው ጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው የሚመስለው።