መልስ፦ ፋይሉ ሁለተኛ ጊዜ ለምን ፈጠነ?

ወንድሜ፣ «ያንኑ ትልቅ ፋይል መጀመሪያ ስከፍተው ይንቀራፈፋል፣ ስደግመው ግን ብልጭ ይላል፤ ሊነክሴ ምን ነካው?» ብለሃል። ምንም አልነካውም።

እዚህ ጅማ ቡና እንደምናፈላው አስበው። ለአቦሉ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል። ለቶናው ጀበናው ላይ ውሃ መጨመር ብቻ ነው። ከርነሉም (የስርዓተ ክወናው የሊነክስ እምብርት) ከዲስክ ያነበበውን ራም (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማህደር) ላይ ያቆየዋል፤ ይህ ፔጅ ካሽ ይባላል። ሁለተኛው ንባብ ዲስኩ ድረስ አይሄድም። «ራሜን በላው» ብለህ ካሹን በየሰዓቱ አታጽዳ። ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ከርነሉ ራሱ ይለቅለታል።

ፋይሉን በተከታታይ ስታነብ ደግሞ የሚቀጥለውን ቀድሞ ያመጣልሃል። ቀድሞ የሚያመጣው ልክ አብዛኛውን ጊዜ 128 ኪሎባይት ነው። ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከፍ ብታደርገው ሊጠቅም ይችላል። እዚህም እዚያም እየዘለለ ለሚያነብ ዳታቤዝ ግን ትርፉ ድካም ነው።

እኔ ፈረንጅ አራዳ ባለችው የፎቶ ኮፒ ሱቄ አንድ አሮጌ ማሽን አለኝ። ራሙን ከ2 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ደንበኛ ቆሞ መጠበቅ ቀረለት።

«ኖኤታይም አድርግ» (ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይመዘገብ አድርግ) ቢሉህም ብዙ አትጠብቅበት። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከርነሉ በራሱ ሬልኤታይም (ሰዓቱን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመዘግበውን) ስለሚጠቀም ልዩነቱ ትንሽ ነው።