ካጸዳችሁ በኋላ ያለው ሳምንት ነው የሚከብደው

ልጆቼ፣ እኔ የስራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ መረከብ፣ ማስረከብ፣ መቁጠር፣ ያገለገለውን ማስወገድ፣ ስራዬ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቤታችሁ በዕቃ ተጨናንቆ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ምን መሰላችሁ፣ አንድ የእረፍት ቀን ትነሱና ቤቱን ገለባብጣችሁ ታጸዳላችሁ፣ ከረጢት ሙሉ ዕቃ ታወጣላችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ደስ ይላችኋል፣ ከዛ ጥቂት ወር ሳይቆይ ቤቱ እንደነበረው ይሆናል። ያኔ "እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ" ማለት ትጀምራላችሁ። ስንፍና አይደለም በፍጹም። በአንድ በኩል ስታወጡ በሌላ በኩል እያስገባችሁ ስለሆነ ነው፣ እና ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ከማውጣቱ ይልቅ ስለማስገባቱ ነው።

መጋዘን የሚጨናነቀው አሮጌ ዕቃ ስላልተወገደ ብቻ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሳይቆጠር ግዢ ስለሚታዘዝ ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ቦታ ይጠፋል፣ ቦታ ሲጠፋ ዕቃ ከዕቃ ጀርባ ይገባል፣ የማይታይ ዕቃ ደግሞ እንደሌለ ነው የሚታሰበው፣ ስለዚህ እንደገና ይገዛል። ቤታችሁም ያለው ይሄው ነው። እስቲ አሁን ተነሱና ያችን ምናምኑ ሁሉ የሚወረወርባትን መሳቢያ ሳቡት። ሶስት መቀስ አለ፣ አንደኛው እጀታው ላይ ፕላስተር ተጣብቆበት አቧራ ይዟል። ስልኩ ከጠፋ ወይ ከተሰበረ የቆየ ቻርጀር አለ፣ ገመዱ ከሌላ ኬብል ጋር ተቆላልፎ አይፈታም። ከድሮ ሪሞት የወጣ ባትሪ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ተጋድሟል፣ በትንሽ ላስቲክ የታሰረ ብሎን አለ የየትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሶስቱ መቀስ የተገዛው ሶስት መቀስ የሚፈልግ ሰው ኖሮ ሳይሆን መጀመሪያ የተገዛው ሲፈለግ ስላልተገኘ ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት ቁጠሩ። መላ ቤቱን አይደለም፣ እንደዛ ከጀመራችሁ በሁለተኛው ቀን ትተዉታላችሁ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ምረጡ፣ ጫማ ከሆነ ጫማ፣ ከያለበት ሰብስባችሁ አንድ ቦታ ወለሉ ላይ ደርድሩትና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቁጥሩ ከገመታችሁት በላይ ሲሆንባችሁ የመግዛት ፍላጎቱ በራሱ ይበርዳል፣ ማንም መካሪ አያስፈልጋችሁም።

የማይለበሰውን ለማውጣት እጃችሁ እምቢ ቢላችሁ አትደነቁ። ካኔማን፣ ኔትሽና ቴለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የሻይ ኩባያ ሰጥተው ነበር፣ ግማሾቹ ብቻ ናቸው ያገኙት፣ ከዛ ያገኙት ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ያላገኙት ለመግዛት ካሰቡት ወደ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ኩባያው ያው አንድ ዓይነት ነው፣ የኔ ስላሉት ብቻ ነው ዋጋው ያደገው። እና ዕቃውን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ "ልጣለው ወይስ ልተወው" አትበሉ፣ "ይሄ የኔ ባይሆን ዛሬ ገንዘብ አውጥቼ እገዛው ነበር ወይ" በሉ። "ውድ ነበር እኮ" የሚለውን ደግሞ እርሱት፣ ገንዘቡ የወጣው የተገዛ ቀን ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለተሰቀለ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤቱ ከጸዳ በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉም የሚከብደው ሳምንት ነው። ሼልፉ ባዶ ሆኗል፣ ግድግዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ እናንተም ትልቅ ስራ ሰርታችሁ ደክማችኋል፣ "አሁንማ ይገባኛል" የሚል ስሜት ይመጣል። መጀመሪያ የሚገዛው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ዕቃ ማስቀመጫ! ቅርጫት፣ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን፣ መደርደሪያ። ዕቃ ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው ለዕቃው ቤት ይገዛለታል ማለት ነው። እባካችሁ ቀንሳችሁ ሳትጨርሱ ምንም ማስቀመጫ አትግዙ፣ የጫማ ካርቶን ለጊዜው ይበቃል፣ ስትጨርሱ ብዙ ጊዜ ማስቀመጫ የሚፈልገው ዕቃ ራሱ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ደግሞ ቀሪው ዕቃ ማስጠላቱ ነው። ዴኒ ዲዴሮ የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ አዲስ የሚያምር የቤት ካባ ካገኘ በኋላ የቀረው ዕቃው ሁሉ አላምር ብሎት፣ የሳር ወንበሩን በቆዳ ወንበር ቀየረ፣ ጠረጴዛውንም ቀየረ፣ መጨረሻ ላይ ለአሮጌው ካባ ጌታ ነበርኩ ለአዲሱ ግን ባሪያ ሆንኩ ብሎ ጽፏል። በ1988 ግራንት ማክራከን የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው ለዚህ ነገር በዲዴሮ ስም መጠሪያ ያወጣለት። ክፍላችሁ ሲጸዳም እንዲሁ ነው፣ ትናንት ያልታያችሁ መጋረጃ ዛሬ ያረጀ ይመስላችኋል። መጋረጃው አላረጀም፣ ሌላው ስለጸዳ ነው። ባዶውን ሼልፍ ለጥቂት ሳምንት ባዶውን ተዉት፣ ዓይን ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ እንደውም መሙላቱ ነው የሚከብደው።

ግዢን በተመለከተ ከስራዬ አንድ ነገር ልስጣችሁ። በደንብ በሚሰራ መስሪያ ቤት ዕቃ የጠየቀው፣ ግዢውን ያጸደቀውና ዕቃውን የተረከበው አንድ ሰው አይሆንም፣ ቁጥጥር የሚባለው ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሶስቱም እናንተ ናችሁ፣ ያውም ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ፣ ስልክ ይዛችሁ፣ በአንድ ደቂቃ። ሶስት ሰው መሆን ባትችሉም በቀን መለየት ትችላላችሁ። የፈለጋችሁትን ዕቃ ስሙንና ቀኑን ጻፉ፣ ያ ጥያቄ ነው። የሚጸድቀው በሌላ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ የቆጠራችሁትን ወረቀት አይታችሁ ነው። እኔ ለትንሽ ዕቃ አንድ ሳምንት ለትልቅ አንድ ወር ይበቃል ባይ ነኝ፣ እናንተ በአቅማችሁ ወስኑ፣ ብቻ ጠያቂና አጽዳቂ በአንድ ምሽት አትሁኑ።

መክፈሉንም ትንሽ አስቸጋሪ አድርጉት። አማዞን የሚባለው የኦንላይን መደብር በ1999 አንዴ በመንካት መግዛት ለሚያስችለው አሰራሩ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ መብት፣ ያወጣው እኮ በምክንያት ነው፣ በመፈለግና በመክፈል መሃል ያለችው ጊዜ ስታጥር ሰው ይገዛል። በ2001 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ለጨዋታ ትኬት በተደረገ ጨረታ በክሬዲት ካርድ የሚከፍሉት በካሽ ከሚከፍሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ አቅርበው ነበር። ስለዚህ የተቀመጠውን የካርድ ቁጥር ከአፑ ላይ አጥፉት፣ ኖቲፊኬሽን ዝጉ፣ ከአካውንታችሁ ውጡ። ዲስካውንት ሲመጣ ደግሞ "ስንት ቀነሰልኝ" ሳይሆን "ስንት አወጣሁ" ብላችሁ አስሉት፣ ልታወጡት ካላሰባችሁት ገንዘብ ላይ ምንም አልተቀነሰላችሁም።

የሚወጣውን ዕቃ በተመለከተ፣ "ለሰው እሰጠዋለሁ" ተብሎ በር ስር ወር የሚቀመጥ ከረጢት አልወጣም፣ ቀን ቁረጡለት። የተቀደደና የማይሰራ ነገር ለሰው አትስጡ፣ እንደዛ ሰውን ማክበር አይደለም። ባትሪና አሮጌ ስልክ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፣ ሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ነው የወጣው፣ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ማጥፋት አትርሱ።

ከወላጅ ጋር የምትኖሩ ደግሞ የነሱን ዕቃ ሳትጠይቁ እንዳትነኩ። ዕቃ በጠፋበት ዘመን ያደገ ሰው ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ብርድ ልብስ ሲያስቀምጥ ስህተት እየሰራ አይደለም፣ ያየውን አይቶ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አንድ ካርቶን አብራችሁ ክፈቱ፣ የሚሉትን ስሙ፣ ይውጣ ያሉትን አውጡ፣ ይቀመጥ ያሉት ይቀመጥ። መጀመሪያ የራሳችሁን ክፍል ጨርሱ።