«አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አረፈ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የህዋ ክበብ አለን። በቅርቡ አንዷ ተማሪ ለግድግዳ ጋዜጣችን «ኒል አርምስትሮንግ በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ አረፈ» ብላ ጻፈች። አንድ ልጅ አነበበና «ሰውየው እዚያው ነው እንዴ የሞተው?» አለ። ከዚያ ክርክሩ ሰፋ። ማርስ ላይ የምትሄደው ሮቦት መንኮራኩር ትባላለች ወይ? ሰው የሚጓዝባትንስ ከሰው አልባዋ ለይተን ምን እንበላት? ቢያስረዱን።

መልስ፦ መምህር፣ ልጁ ደህና አድርጎ ነው ያነበበው። «አረፈ» ብዙ የተሸከመ ግስ ነው። የደከመው ያርፋል። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ኮምቦልቻ ያርፋል። ሰው ሲሞትም በአክብሮት «አረፉ» እንላለን። በዚህኛው ትርጉም አርምስትሮንግ ያረፈው አሜሪካ ውስጥ፣ በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ጨረቃን ከረገጠ 43 ዓመት አልፎት ነበር።

የተማሪዋ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል እንከን የለውም። ልጁን ያደናገረው ባለቤቱ ሰው መሆኑ ነው። ባለቤቱ ወፍ ወይም አውሮፕላን ሲሆን ጆሯችን መሬት መንካትን ይሰማል። ሰው ሲሆን ግን ሞትም ይመጣበታል። ስለዚህ ማረፉን ለመንኮራኩሯ እንስጣት፦ «አርምስትሮንግንና ባልደረባውን ኦልድሪንን የያዘችው ንስር የተባለችው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ አረፈች»። ለሰውየው ከዚያው ግስ ሳንርቅ «ጨረቃ ላይ እግሩን አሳረፈ» ማለት እንችላለን። «ጨረቃን ረገጠ» ካሉም ያምራል።

ይህን ጥንቃቄ ከልብ እንድወደው ያደረገኝ የሶዩዝ 11 ታሪክ ነው። በሰኔ 1971 እ.ኤ.አ. ሦስት የሶቭየት ጠፈርተኞች፣ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳየቭ፣ ከህዋ ጣቢያ ወደ ምድር ይመለሱ ነበር። ገና ህዋ ላይ እያሉ አንዲት የአየር መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያለጊዜዋ ተከፈተች። የሚተነፍሱት አየር አለቀ። መንኮራኩሯ ግን በራሷ ሥርዓት ወርዳ፣ ዣንጥላዋን ዘርግታ፣ ካዛኪስታን ሜዳ ላይ ደህና አረፈች። በሯ ሲከፈት ሦስቱም ሞተው ተገኙ። አሁን «ሦስቱ ጠፈርተኞች ካዛኪስታን አረፉ» ብለን ብንጽፍስ? አንባቢ በሰላም እንደወረዱ ሊያስብ ይችላል። ወይም እዚያ ከወረዱ በኋላ እንደሞቱ ሊያስብ ይችላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ «መንኮራኩሯ አረፈች፤ ሰዎቹ ግን ከማረፏ በፊት ሞተው ነበር» ብሎ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

«ደረሰ»ንም ከ«አረፈ» እንለየው። ሰው አልባዋ የሶቭየት መንኮራኩር ሉና 2 በ1959 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ደርሳለች፤ ግን ተላትማ ተሰባብራለች። አረፈች የሚባልላት ሉና 9 ናት፣ በየካቲት 1966 እ.ኤ.አ.። አርምስትሮንግ የተጓዘበት የአፖሎ 11 ጉዞ ሦስተኛ ሰው ማይክል ኮሊንስ ደግሞ ጨረቃ ደረሰ እንጂ አላረፈባትም። ጓደኞቹ ታች ሳሉ እሱ በምህዋር ይዞር ነበር። ሳልፍ ልንገርዎ፣ «ምህዋር» ከግዕዙ «ሖረ»፣ ሄደ ከሚለው የመጣ ነው፤ መሄጃ ማለት ነው። «ሐዋርያ»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ምህዋር የምትለዋን ቃል የሚረሷት አይመስለኝም።

ወደ መንኮራኩር ልምጣ። ይቺ ቃል ራሷ ብዙ ተጉዛለች። በግዕዝ «አንኰርኰረ» አንከባለለ ማለት ነው። መንኰራኵርም የሚንከባለለው ነገር፣ የሠረገላው እግር ነው። ትንቢተ ሕዝቅኤልን ምዕራፍ 1 ላይ ይክፈቱት። ነቢዩ ያያቸው መንኰራኵሮች ክብ ሆነው የሚዞሩ ናቸው። ዛሬ ደሴ መናኸሪያ ቆመው «የኋላው መንኮራኩር ተንፍሷል» ቢሉ ሾፌሩ ግር ይለዋል። እሱ ጎማ ነው የሚለው። አሮጌው ቃል ከመንገድ ወጥቶ ህዋ ገባ። የመጀመሪያውን የህዋ ተጓዥ ጋጋሪንን በሚያዝያ 1961 እ.ኤ.አ. ለ108 ደቂቃ ይዛ የዞረችው ቮስቶክ 1 አንድም ጎማ አልነበራትም፤ ግን መንኮራኩር እንላታለን። ይህ ስሕተት አይደለም። ቃል ትርጉሙን ይቀይራል፣ ሕዝብም ተቀብሎታል።

እንግዲህ ማርስ ላይ የምትሄደዋ ሮቦት በጥንቱ ትርጉም ስድስት መንኮራኩር አላት። በዛሬው ትርጉም ግን መንኮራኩር ባትባል ይሻላል። መንኮራኩር ህዋን የምታቋርጠዋ ናት። ደርሳ መሬት ለመሬት የምትሄደዋን «ተሽከርካሪ ሮቦት» ብላት ደስ ይለኛል። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሥራዋንም ልክ ይገልጻል። «ሮቨር» የሚሉትንም አልቃወምም። ሮቨሩም፣ ሮቨሯም ያስኬዳል። መኪናው፣ መኪናዋ እንደምንለው ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው።

ክበብዎ ስለ ማርስ ተሽከርካሪ ሮቦቷ ኦፖርቹኒቲ ቢጽፍ ደስ ይለኛል። በጥር 2004 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ አረፈች። የታቀደላት 90 የማርስ ቀን ነበር። ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። በዚያ ሁሉ ዘመን የሄደችው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደው ኮምቦልቻ ደርሰው ቢመለሱ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል! በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ማርስን የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ጋረደባት። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልተሰማም። እዚህ ላይ «አረፈች» እንዳይሉ እለምናለሁ፤ አንባቢ ማርስ ላይ የወረደችበትን ቀን ይመስለዋል። «ድምጿ ጠፋ» ይበቃል፣ ልብም ይነካል።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላሉ ነው። «ሰው አልባ» የታወቀ ነው። የሱ ተቃራኒ «ሰው የያዘች» ቢሆን እመርጣለሁ። «ሰው የጫነች» ሲባል እሰማለሁ፤ በመናኸሪያ ወግ ያስኬዳል፣ በጽሑፍ ግን ሰውን ከዕቃ ይቆጥረዋል። «ሰው ያሳፈረች» ደግሞ ያሳፈረችው በጉዞ ይሁን በሐፍረት አይለይም። ላይካን ይዛ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣችው ስፑትኒክ 2 ሰው አልባ ናት፣ ግን ባዶ አልነበረችም፤ ውሻዋን በስሟ መጥራት ነው።

«ሰው» የምትለው ቃል እዚህ ትልቅ ውለታ ውላልናለች። በእንግሊዝኛ ለዚህ ጉዞ ሲሠራበት የኖረው ቃል ውስጥ «ወንድ» የሚል ስላለበት የአሜሪካው የህዋ ድርጅት ናሳ ትቶ ሌላ ይዟል። እኛ ጋ ሴቷ ጠፈርተኛ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በሰኔ 1963 እ.ኤ.አ. ብቻዋን በቮስቶክ 6 ስትወጣም ያቺ መንኮራኩር ሰው የያዘች ነበረች። የሚቀየር ቃል የለም።