አምባዛዬ ሞራ በዛበት፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄው የመጣው ከባህር ዳር ዙሪያ ነው። ወንድማችን ኩሬው ውስጥ 300 አምባዛ አለው፤ አንዱ በአማካይ 400 ግራም ይመዝናል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ በድምሩ በቀን 6 ኪሎ ይመግባቸዋል። ምግቡ ፉርሽካና የበቆሎ ዱቄት ይበዛበታል። የሚረከበው ምግብ ቤት ግን «ሆዱ ሲከፈት ሞራ ብቻ ነው» እያለ ዋጋ ይሰብርበታል። «ሦስቴ መመገቤ ነው ጥፋቱ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሦስቴ መሆኑ ብቻውን አይደለም። እስኪ አብረን እናስላው። 300 ዓሣ በ400 ግራም 120 ኪሎ ነው። እዚህ የደረሰ አምባዛ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይበቃዋል፤ ላንተ ኩሬ ከ2.4 እስከ 3.6 ኪሎ ማለት ነው። አንተ 5 በመቶ እየሰጠህ ነው። ያ የዓሣ ጫጩት ልክ ነው!

አምባዛ የሰጡትን ይውጣል። የተረፈውን ኃይል ግን ሞራ አድርጎ አንጀቱ ዙሪያ ያከማቸዋል፣ በተለይ እንዳንተ በቆሎው በዝቶ ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን ሲያንስ። አንዱን ክፈተው፦ ቢጫ ሞራ አንጀቱን ጠቅልሎት፣ ጉበቱም ገርጥቶ ታያለህ። ያ የምትጥለው ሞራ በብርህ የገዛኸው መኖ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ከነገ ጀምሮ በቀን ሁለቴ አድርገው። ትንሹን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስጥ፣ ውሃው ሞቅ ሲል። በህዳርና በታህሳስ ማለዳ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ዓሣው በደንብ አይበላም፣ የተጣለው መኖ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ትልቁን ድርሻ ማታ 12 ሰዓት ላይ ስጠው፤ አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው። ጥቂት ጥቂት በትን፣ ግርግሩ ሲቀዘቅዝ አቁም። ከበቆሎው ቀንስና የኑግ ፋጉሎ ጨምር፤ ሐይቅ ዳር የሚጣለውን የዓሣ ጭንቅላትና አንጀትም ቀቅለህ፣ አድርቀህ፣ ፈጭተህ ቀላቅልበት።

በሳምንት አንድ ቀን መዝለልም ትችላለህ። ሞራው ይቀንሳል፣ መኖም ይተርፍልሃል። አንድ ቀን እየዘለሉ የሚመግቡ አርቢዎች አሉ፤ ሞራው በደንብ ይቀንስላቸዋል፣ ዓሣው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ለሳምንታት ማስራብ ግን አደራ! ዓሣ ስቡ ሲወጣ ቦታውን ውሃ ይይዘዋል፣ ሥጋው ልፍስፍስ ይላል። የራበው አምባዛ ደግሞ ትንሹን ወንድሙን ይበላል፤ ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን አስቀድመህ ለይ።

ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። ከሽያጭ በፊት አንድ ቀን ማስጾም አንጀቱን ባዶ ያደርጋል እንጂ ሞራውን አይነካም። ሞራ ለመቀነስ ሳምንታት ይፈልጋል።

በየ15 ቀኑ 20 ያህል በመረብ አውጥተህ መዝን፣ መኖውንም በዚያ ልክ አስተካክል። ዛሬ አንዱን ከፍተህ ሞራውን በሚዛን አስቀምጥና ቁጥሩን ያዝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና መዝነህ ሁለቱንም ጻፍልኝ።