ዕቅዱስ ጸደቀ፤ ችግኙ ጸድቋል ወይ?

አንዲት አንባቢ ከሰሜን ለንደን ጽፋልኛለች። አገር ቤት በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ በዲግሪ ተመርቃ፣ አራት ዓመት በአንድ የገጠር ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች። አሁን የመኖሪያ ወረቀቷ ተስተካክሎ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። «የምኖርበት ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ተፈጥሮን እጠብቃለሁ፣ የጠፋውንም እመልሳለሁ እያለ በየፓርኩ ሰሌዳ ያቆማል። ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይስ ወሬ ነው? ለእኔስ ቦታ ይኖረው ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ወሬም አለው፤ እንጀራም አለው። መለየቱ ላይ ነው ነገሩ።

በእኛ ቋንቋ ዕቅድም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። አንቺ ክረምት ላይ ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ በእግርሽ ዞረሽ የቆጠርሽ ሰው ነሽ። የካውንስሉንም ቃል በዚያው ዓይን እዪው። ምክር ቤት በጭብጨባ ያጸደቀው የአቋም መግለጫ ብቻውን ሰው አይቀጥርም። የሚቀጥረው ሕግና ቀነ ገደብ ያለበት ነገር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህን የቀየረው የ2021 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ትልልቅ ግንባታ የሚያካሂድ ሰው ቦታው ላይ የነበረውን የተፈጥሮ ዋጋ ቢያንስ በ10 በመቶ አሳድጎ ማሳየት አለበት። ለዚህ ብሎ የፈጠረው ሜዳ ወይም ኩሬ ደግሞ 30 ዓመት እንክብካቤ ይፈልጋል። የዘርፉ ሰዎች ቢኤንጂ (የብዝኃ ሕይወት የተጣራ ጭማሪ) ይሉታል። ቁጥቋጦው፣ ሣሩ፣ ጅረቱ በዓይነቱና በይዞታው ነጥብ ተሰጥቶት ይሰላል። ስሌቱን አልሚው ያመጣል። እውነት መሆኑን የሚያጣራው ካውንስሉ ነው። ብዙ ካውንስሎች ግን የራሳቸው ኢኮሎጂስት (የዕፅዋት፣ የእንስሳትና የመኖሪያቸው ባለሙያ) የላቸውም፤ ከጎረቤት ካውንስል ይጋራሉ ወይም ከአማካሪ ድርጅት ይገዛሉ። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው።

ሌላም አለ። ያው ሕግ ካውንስሎች ለተፈጥሮ ምን እንደሠሩ በሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ሪፖርት የሚሸፍነው ጊዜ ቢዘገይ ጃንዋሪ 1, 2026 ላይ ማብቃት ነበረበት፤ ከዚያ በ12 ሳምንት ውስጥ መታተም አለበት። የካውንስልሽን ፈልጊና አንብቢው። «እናደርጋለን» የሚለውን ዝለይና «አደረግን» የሚለውን አስምሪበት። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን አንብቦ የሚመጣ አመልካች ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የካውንስል ኢኮሎጂስትነት የመጀመሪያ ሥራሽ አይሆንም። ይህን ብደብቅሽ ጥሩ መካሪ አልሆንም። ሕጉ ይጠናል፤ አስቸጋሪው ዕፅዋቱ ነው። ዋንዛንና ኮሶን ከሩቅ የምትለይ ሴት እዚህ አገር ከአጥር ሥር ያለውን ሣር ስሙን አታውቀውም። አያሳፍርም፤ ግን መማር አለብሽ። ስልክሽ ላይ ዕፅዋት በሚለይ መተግበሪያ ጀምሪ፤ የአካባቢሽ የፓርክ ወዳጆች ማኅበር ውስጥ ግቢ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነሱ ጋር ውጪ። አሮጊቶቹ እንግሊዛውያን ያለ ክፍያ የሚያስተምሩሽን ዩኒቨርሲቲ በብዙ ብር ይሸጥልሻል። የዕረፍት ቀን ሲኖርሽ ደግሞ ወደ ግሪንፎርድ ብቅ በይ። እዚያ ፓራዳይዝ ፊልድስ በሚባለው ቦታ የኢሊንግ ካውንስልና የበጎ ፈቃድ ቡድኖች በኦክቶበር 2023 ቢቨሮች ለቀዋል። ቢቨር በጥርሱ እንጨት ቆርጦ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው። ክትር ለመሥራት ሕዝብ ያስተባበረ ሰው እሱን ሲያይ መሳቁ አይቀርም።

የመግቢያ በር የምለው በሰመር የሚቀጠር ረዳት የመስክ ሠራተኝነት ነው። አማካሪ ድርጅቶች የሌሊት ወፍ የሚቆጥርላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሥራው በአብዛኛው ጀምበር ስትጠልቅ ስለሆነ የሌሊት ፈረቃሽን ወደ ቀን ማስቀየር ሊኖርብሽ ነው። ብዙዎቹ የሚቀጥሩት ብርዱ ሳያልፍ ስለሆነ አበባ እስኪፈነዳ አትጠብቂ። መንጃ ፈቃድም ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያው የሚያገለግልሽ ነዋሪ ከሆንሽ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ካለፈሽ የዚህን አገር ፈተና ከአሁኑ ጀምሪ። ዲግሪሽን የውጭ አገር ትምህርትን በሚመዝነው ዩኬ ኤኒክ አስመዝኚ፤ ከዚህ አገር ዲግሪ ጋር አነጻጽረው የሚሰጡሽን ወረቀት ከማመልከቻሽ ጋር ታያይዢዋለሽ።

ማመልከቻው ላይ ቆም ልበል፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነውና። የካውንስል ሥራ ማስታወቂያ ከሥሩ የመመዘኛ ዝርዝር አለው። ማመልከቻሽን የሚያነበው ሰው ለእያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ይሰጣል፤ ያልመለስሽው ዜሮ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን በአንድ ገጽ ጨዋ ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ፤ መልስም አላገኘሁ። ደግሞ «እኛ ሠራን» ማለት ይቅርብሽ። በባህላችን «እኔ» ማለት ጉራ ይመስላል፤ እዚህ ግን «እኛ» ካልሽ አንቺ ምን እንደሠራሽ አይታወቅም።

አራት ዓመትሽንም «ገጠር ነው» ብለሽ አታሳንሺው። ተዳፋቱን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ለማድረግ ስትነሺ ገበሬው «ከብቶቼን የት ላሰማራ?» ብሎ እንዴት እንደተቆጣ፣ ሽማግሌዎች እንዴት እንደተሰበሰቡ፣ ሣሩን አጭዶ መውሰድ እንዲፈቀድ በምን እንደተስማማችሁ ጻፊው። እዚህም ካውንስሉ ሣር ሳያጭድ ለንብና ለቢራቢሮ ሲተው «ሰነፉ» ብሎ የሚደውል ነዋሪ ሞልቷል። ያንን ሰውዬ ማስረዳት የሚችል ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ አንቺ ደግሞ ከዚያ የባሰውን አስረድተሻል።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ። ስንት ቦታ «እኛ» እንዳልሽ እቆጥርልሻለሁ።