የአተር እሸት ለቀማ፦ የጠፋ ዳንስ ከመጽሐፍ ማንሳት ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች እቤቴ ቡና ሊጠጡ መጡ። አንደኛዋ ስልኬ ላይ ፎቶ ስታይ ቆይታ አንድ ቪዲዮ ላይ ደረሰች። ሽበታም ፈረንጆች ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። መሀላቸው አንዲት አጭር ሐበሻ አለች። «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» እኔው ነኝ። ስቀው ሲያበቁ ጥያቄ አዘነቡብኝ። ዳንስ ከመጽሐፍ ይማራል ወይ? ከ370 ዓመት በላይ የሆነው የእንግሊዞች ዳንስ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ሲኒ እያጠብኩ የመለስኩት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ከሱ ጋር ይያያዛል። ለንደን ውስጥ 30 ዓመት ያህል አስተርጓሚ ነበርኩ። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ የስደተኞች ጉዳይ። የአስተርጓሚ ሕግ አጭር ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ። ሰውየው ቢያጉተመትም «እንዲህ ማለቱ ይሆናል» ብዬ አልሞላም። «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» እላለሁ። በአንዲት ቃል የሰው ኑሮ ሊበላሽ ይችላል።

ጡረታ ስወጣ ጉልበቴ ማጉረምረም ጀመረ። ሰፈሬ ያለ አዳራሽ በር ላይ «ማክሰኞ ማታ ዳንስ፣ ጀማሪም ይመጣል» የሚል ወረቀት አየሁ። ዙምባ መስሎኝ ስኒከሬን አጥልቄ ሄድኩ። ውስጥ የጠበቀኝ ግን ቫዮሊን የያዘ ሽማግሌና ከ1651 መጽሐፍ የተገለበጠ ወረቀት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጽሐፉ «ዘ ኢንግሊሽ ዳንሲንግ ማስተር» ይባላል። ያሳተመው ጆን ፕሌይፎርድ የዳንስ አስተማሪ አይደለም፣ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሱቁ ለንደን፣ ኢነር ቴምፕል የሚባል ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ነበር። የሕግ ሰዎች ሰፈር ነው፤ እኔም ለሥራ ስመላለስ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። እስቲ ዘመኑን አስቡት። የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ አንገት ከተቀላ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አገሩን የያዙት ፒዩሪታኖች የሚባሉ፣ ቀልድ የማያውቁ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በዚያ መሀል ሰውየው 105 ዳንስ ከነዜማው አሳትሞ ሸጠ። ገዢም አላጣም። እስከ 1728 አካባቢ ድረስ መጽሐፉ 18 ጊዜ ታትሟል።

ችግሩ የተጻፈው ለሚያውቁ ሰዎች መሆኑ ነው። ከላይ ኖታ፣ ከታች ጥቂት መስመር ትእዛዝ። ጨረቃና ፀሐይ የሚመስሉ ምልክቶች ወንዱን ከሴቷ ይለያሉ። «ደብል» አራት እርምጃ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁለቱ እግሮች ይገጥማሉ። «ሲንግል» ሁለት እርምጃ ነው። ይህን ይህን ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ዝም። እግሩ ይነሳል ወይስ ይንሸራተታል? በራስህ ዙሪያ ዙር ሲል በቀኝ ነው በግራ? የለም። እናታችሁን በስልክ የዶሮ ወጥ አሠራር ስትጠይቋት «ሽንኩርቱን ታቁላይዋለሽ፣ ከዚያ ያው እንደምታውቂው ነዋ» የምትለው ዓይነት ነው።

የዓይን ምስክር ፍለጋም ሞክሬያለሁ። ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የመንግሥት ሹም የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በ1662 የመጨረሻ ቀን ማታ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ሲጨፍር አየ። ንጉሡ «ካንትሪ ዳንስ (እንዲህ ዓይነቱ የእንግሊዝ ዳንስ) ይጀመር» ብሎ መጀመሪያ ያዘዘው ዳንስ የፕሌይፎርድ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ንጉሡ ሲጨፍር ሴቶቹ ሁሉ፣ ንግሥቲቱም ሳትቀር፣ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ጎበዝ ጨፋሪ ነው ይላል ፒፕስ። እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ ግን አንድ ቃል አልጻፈም። የበላውን ምግብ እንኳ የማይረሳ ሰው ይቺን ዘለላት!

እኔን የያዘኝ ዳንስ «ጋዘሪንግ ፒስኮድስ» ነው። ትርጉሙን ስሰማ ልቤ ቀለጠ። የአተር እሸት ለቀማ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ከሰው ማሳ የአተር እሸት በልቼ የተገረፍኩ ሰው ነኝ።

ዳንሱ ክብ ነው፣ የፈለገ ያህል ጥንድ ይገባበታል። መጀመሪያ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ሁለት ደብል ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ይደገማል። ቀጥሎ ወንዶቹ ብቻ ውስጥ ገብተው ቀለበት ሠርተው ዞረው ይመለሳሉ፣ ሴቶቹም እንዲሁ። ከዚያ ወንዶቹ መሀል ተገናኝተው ያጨበጭባሉ፣ ሴቶቹም ያጨበጭባሉ፣ ወንዶቹ እንደገና ይገቡና በራሳቸው ዙሪያ እየዞሩ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያውን ነገር የተማርኩት። ሁለት ደብል 8 እርምጃ ነው። በራስ ዙሪያ መዞር 4። ድምር 12። ኖታውን ስትቆጥሩት ያ የዜማው ክፍል ልክ 12 ምት ነው። አይተርፍም፣ አይጎድልም። የሞተ ሰው ከወረቀቱ ውስጥ «አዎ» ያለኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ስለዚህ ቃሉ ሲያጥራችሁ ዜማውን ጠይቁት። የሚያስረዳችሁ ባይሆን እንኳ የሚከለክላችሁን ይነግራችኋል። 12 ምት ውስጥ 16 እርምጃ የሚከት ግምት ያማረ ቢሆንም ውድቅ ነው።

ይህን ብዬ የምመክራችሁ ራሴ ጉድ ሆኜበት ነው። አንድ ቀን ተራው ደረሰኝና ዳንሱን አዘጋጅቼ እንዳስተምር ተጠየቅሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማእድ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተለማመድኩ። ሲኒዎቹ ሴቶች፣ የጨውና የበርበሬ ዕቃዎች ወንዶች። ወንዶች ገብተው አጨብጭበው ይወጣሉ፣ ከዚያ ሴቶች ገብተው አጨብጭበው ይወጣሉ። ቆንጆ ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን ሙዚቃው ቀድሞን አለቀ። ሴቶቹ ገና መሀል እያሉ ዜማው ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ገባ። አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተላተሙና መነጽራቸው ወለል ላይ ተንከባለለ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን መልሼ አነበብኩት። ወንዶቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ ሴቶቹ ይገባሉ ነው የሚለው። ሲመለሱ! ተራ በተራ ሳይሆን እኩል ነው። እንደዚያ ከሆነ ወንዶች መግባት 4፣ መለዋወጥ 4፣ እንደገና መለዋወጥ 4፣ መዞር 4። ልክ 16፣ ዜማውም 16። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ቃል ስከራከር ኖሬ አንዲት «ሲ» አመለጠችኝ። ከሁሉ ያናደደኝ ጠረጴዛው ላይ ስሠራው ምንም ያልተሰማኝ መሆኑ ነው። ሲኒ ሙዚቃ አይሰማም። ቢያንስ አራት ጥንድ ሰው ሳትይዙ «አገኘሁት» አትበሉ። ወንድ ካነሰ ሴት የወንድ ቦታ ትይዛለች፣ እኛ ዘንድ ሁሌም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዳንሱ ሁለተኛ ዙር ላይ ሲደርስ መጽሐፉ ሁሉም «ሳይድስ» ያድርግ ይላል። በቃ። ጎን፣ ጎን ለጎን፣ ወደ ጎን፣ እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት። ምን እንደሆነ የትም አልተብራራም። የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋላ!

ፍርድ ቤት ብሆን ኖሮ እጄን አንስቼ «አልሰማሁም» እል ነበር። ዳንስ ላይ ግን ሙዚቃው እየሄደ ነው፣ ሰው ቆሞ እያየህ ነው። የሆነ ነገር ማድረግ ግዴታ ነው። እኔ መጀመሪያ በዚህ በጣም ተቸገርኩ። ያልተጻፈ ነገር መሙላት ውሸት መሰለኝ።

አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ጎንደር አቋቋም የተማሩ። በሕይወት ሳሉ ደውዬ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እግር ያለ መምህር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አቋቋም የሚማር ሰው ከመምህሩ ጎን ይቆማል፤ መቋሚያው ሲያዘነብል ያዘነብላል፣ ጸናጽሉ ሲወርድ ያወርዳል። የዜማውም ምልክት እንዲሁ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል፣ ማለትም ከፕሌይፎርድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት። ግን ዜማውን በጆሮው ለያዘ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልያዘው አይዘፍንለትም። ፕሌይፎርድም ማስታወሻ ነው የጻፈው። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ መምህርና ተማሪ እየተቀባበሉ እዚህ ደርሰዋል። የእንግሊዞቹ ቅብብል ተቋረጠ። ፋሽን ተቀየረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳራሹን ኳድሪልና ዋልስ የሚባሉ ሌሎች ዳንሶች ወረሱት። እግሩን የሚያውቁት ሞቱ፣ ወረቀቱ ቀረ።

ከእናንተ መሀል የአያቱን አገር ጭፈራ ከድሮ ቪዲዮ ለመልቀም የሚታገል እንዳለ አውቃለሁ። ልጄ፣ አያትህ ካሉ ቪዲዮውን ተወውና ሂድ። ከጎናቸው ቁም። ከቀረጽክም እግር ቅረጽ። የሠርግ ካሜራማን ሁሉ ፊት ላይ ነው የሚያተኩረው፣ ከወገብ በታች ያለው ይቀራል።

ወደ «ሳይድስ» ልመለስ። ሴሲል ሻርፕ የሚባል የሙዚቃ ሰው በ1911 የፕሌይፎርድን ዳንሶች ለዘመኑ ሰው በሚገባ መንገድ ተርጉሞ አሳተመ። ለዚህ ቃል መልስ ሰጠ፦ ጥንዶቹ ተላልፈው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በሚቀጥለው ደብል ይመለሳሉ። ያምራል፣ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሰው ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ጨፈረ። በኋላ ፓት ሾው የሚባል ሌላ ሰው መጥቶ እንዲህ አይመስለኝም አለ። ወደ ፊት ሄዳችሁ ትከሻ ለትከሻ ትገጥማላችሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፣ መተላለፍ የለም። ሁለቱም ዜማው ላይ ይገጥማሉ። ዜማው በዚህ አይፈርድም።

የወደድኩት ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ዛሬ ዳንሱን የሚመራው ሰው ሙዚቃው ሳይጀመር «የሻርፕ ነው» ወይም «የሾው ነው» ብሎ ይናገራል። ግምቱ የገማቹን ስም ይዞ ይዞራል። ማንም የፕሌይፎርድ ነው ብሎ አይሸጥላችሁም። ይህን ስሰማ ከሙያዬ ጋር ታረቅሁ። መሙላት ይቻላል፣ የሞላኸው ያንተ መሆኑን ከተናገርክ። የራሴ ደብተር አሁን እንደዚያ ነው። መጽሐፉ ያለው በእስክርቢቶ፣ ዜማው ያስገደደኝ በእስክርቢቶ ግን ከሥሩ መስመር ያለው፣ እኔ የጨመርኩት በእርሳስ። አንዳንድ ገጽ ከሞላ ጎደል እርሳስ ነው። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከዓመት በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ ሲጠፋባችሁ ነው። እኔ ያለ እርሳስ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ደብተሬን ጥዬዋለሁ፤ የሰማሁትን ከፈጠርኩት መለየት አልቻልኩም።

የመጽሐፉን ቅጂ ማየት ለምትፈልጉ፣ ለንደን ካላችሁ ካምደን ያለው ሴሲል ሻርፕ ሀውስ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቤቱ ከ1930 ጀምሮ የዚህ ዳንስ ሰዎች ቤት ነው። የሌላውን ሰው ትርጉም ከማየታችሁ በፊት ዋናውን አንብቡ። ካየሁት በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ ይለኛል።

ፊልምንም እንደ ምስክር አትጥሩ። የጄን ኦስቲንን ልብ ወለዶች በስክሪን ስታዩ ጥንዶቹ ዓይን ለዓይን እየተያዩ በዝግታ የሚጨፍሩት «ሚስተር ቤቨሪጅስ ማጎት» የሚባል ዳንስ አለ። በ1695 የታተመ ነው። ኦስቲን የተወለደችው በ1775 ነው። ለእሷ የቅድመ አያቶቿ ዳንስ ነበር። («ማጎት» ዛሬ ትል ማለት ነው፣ ያኔ ግን ድንገት ውል የሚል ሐሳብም እንዲያ ይባል ነበር። አይዟችሁ።) አልቀየምም ግን። ከቡድናችን ስንቱ ያን አይቶ ነው የመጣው።

የአተር እሸቱን ነገር ጠይቃችሁኝ ነበር፣ አለቀ ወይ ብላችሁ። አላለቀም። መጽሐፉ ወንዶቹ ተገናኝተው እጅ ያጨበጭባሉ ሲል የራሳቸውን እጅ ነው ወይስ የሌላውን? እንግሊዝኛው ለሁለቱም ይመቻል። እኔ የሌላውን ነው ባይ ነኝ። መነጽራቸው የወደቀው ሽማግሌ የራስን ነው ይላሉ፣ ሦስት ዓመት ሆኖናል። አሁን አንድ ማክሰኞ በሳቸው፣ አንድ ማክሰኞ በእኔ እንጨፍራለን። የሚቀጥለው የእኔ ነው። ስኒከር አድርጋችሁ ኑ፣ ወንዶች አንሰውናል።